ሰማያዊዋ ቀለበት

ገመድ በቀጠነበት ይበጠሳል ይላሉ አበው፤
እዚህ ግን፣ በኤርሊንግሃውዘን ሜዳ፣
የሚቀጥንበትን ቦታ እኛው ነን የምንመርጠው።

ሞተር አልባው ነጭ ወፍ፣ በአንድ ክንፉ ተኝቶ፣
ሳሩ ላይ ይጠብቃል፣ የሌሊት ጤዛ ጠጥቶ።
ከፊቱ ሮቢን አለች፣ ሞተሯ የሚያጓራ፣
ስድሳ ሜትር ገመድ ያሰራት ከሱ ጋራ።
በገመዱ ጫፍ ላይ የጣት ያህል ብረት፣
ወገቧ የሳሳ፣ ሰማያዊ ቀለበት፤
እስከ ስድስት መቶ ኪሎ ትችላለች፣
ከዚያ በትንፋሽ ቢያልፍ ትሞታለች።

ሥራዋ መሞት ነው።
ከአውሮፕላኑ ጭራ በፊት፣ ከክንፉ አጥንት በፊት፣
ከሰው አንገት በፊት።

«ጠንካራ ሁሉ ደግ አይደለም» ይላል አንስጋር፣
የጥገናው ሹም፣ የእጁ ዘይት ሳይደርቅ፣
«ሰው የሚገድለው የማይበጠሰው ነው፤ የማይለቅ።»
ተጎታቹ ከፍ ካለ ከጎታቹ በላይ፣
ገመዱ ጭራዋን ያነሳዋል ወደ ሰማይ፤
አፍንጫዋ ይደፋል፣
መሪው እጅ ላይ ይሞታል፣
አብራሪዋም የምታየው ጥድና የጎተራ ጣሪያ ይሆናል።
ሁለት ሰከንድ ነው፣ ቢበዛ ሦስት፤
እጅ የመልቀቂያውን እጀታ ፈልጎ እስኪያገኝ አልቋል ያ ሕይወት።

ባለፈው እሑድ ሰማያዊዋ ሦስቴ ተበጠሰች።
ንፋሱ ከደኑ አናት እየተንከባለለ ይማታ ነበር፤
ሰው ተሰልፎ፣ ሰዓቱን እያየ፣ ያጉረመርም ነበር።
«የዳቦ ዋጋ የማታወጣ ቁራጭ ቀናችንን ትብላው?»
አለ አንዱ። ሌላው ሳቀ። «ጥቁሯን እሰሩና እንገላገል።»
ጥቁሯ አንድ ሺህ ትችላለች፤ ለሌላ ሥራ ናት፣
ለከባዱ ባለ ሁለት ወንበር፣ ለዊንቹ ሽቦ፣
ለሮቢን ጭራ አይደለችም።
ማን እንዳሰራት ማንም አልጠየቀ።
ከዚያ ወዲያ ምንም አልተበጠሰም፤
ቢራ ተጠጣ፤ ፀሐይዋ ጠለቀች።

ዛሬ ጎታቿ ጌርሊንደ ነበረች፣
የምሳ ዕቃዋ ከወንበሩ ኋላ፣ የልጇ ጓንት ከምሳ ዕቃው ላይ።
ከኋላዋ ቲሎ፣ ዕድሜው አሥራ ሰባት፣
ብቻውን ሲበር ገና አራተኛው።
ክንፉን ይዤ ሮጥኩለት፤ አሥር እርምጃ፣ አሥራ አምስት፣ ለቀቅኩት፣
ተነሣ።
አጥሩን አለፈ። መንገዱን አለፈ።
የመስታወት ክዳኑ የተበረገደው ያኔ ነው።
ልጁ በግራው ክዳኑን ሊይዝ ሲታገል
ቀኙ ሳያውቀው መሪ ዘንጉን ወደ ሆዱ ሳበ።

ነጩ ወፍ ሽቅብ ተተኮሰ።
የሮቢን ጭራ ተነሣ፤ ልክ አንስጋር እንደሚለው።
እኔ መሬት ላይ ቆሜ አፌን ከፍቻለሁ፤ ድምፅ የለኝም።
ከዚያ፦ ጣ!
የለውዝ ቅርፊት በጥርስ ሲሰበር ያህል።

ጌርሊንደ የጥዶቹን ጫፍ ታክካ ቀና አለች።
ቲሎ ገብስ ማሳ ውስጥ አረፈ፤
ጉልበቱ እየተብረከረከ ወረደ፣
ሁለት ዓይን፣ አሥር ጣት፣ ምንም ያልጎደለው።

አመሰገኑኝ። «ሰማያዊዋን ስላሰርክ» ብለው እጄን ጨበጡ።
የልጁ አጎት፣ ያ እሑድ የሳቀው ሰው፣ ቢራ ገዛልኝ።
ዝም አልኩ።

ጥቁሯን ያሰርኳት እኔ ነኝ፤
ሰልፉ አሳፍሮኝ፣ ሳቁ ከብዶኝ።
ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ፤ ዛሬ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ
በብስክሌት መጥቼ፣ የእጅ ባትሪ በጥርሴ ይዤ ቀየርኳት።
በመካከሉ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ስድስት ሰው ተጎትቶባታል።
ስማቸው መዝገቡ ላይ አለ። በቃሌ ይዤዋለሁ።

የተሰበረችው ግማሽ ኪሴ ውስጥ ናት፤
ጠርዟ ስል ነው፣ በነካኋት ቁጥር ጣቴን ትቧጭራለች።
ነገ ለአንስጋር እነግረዋለሁ እላለሁ።
እሷ ልኳ ወገቧ ላይ ተጽፏል፤
የኔ አልተጻፈም ነበር።
በስንት ኪሎ ሳቅ እንደምበጠስ አሁን አውቄዋለሁ፤
ትንሽ ናት፤ የዳቦ ዋጋ የማታወጣ።